የወንዶች መደብ

ባየልኝ ጎንበስ ብሎ ወደ ፈንቴ ቤት ገባ፤ «እንደምን ዋላችሁ» አለና እንደ ልማዱ በቀኝ በኩል ካለው የወንዶች መደብ ላይ ተቀመጠ። ዱላውን ከግድግዳው አስደገፈ። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ጭኑ ላይ አደረገ። ዕለቱ የመስከረም ገብርኤል ነው። ዝናቡ ቢያቆምም ቆላው ገና ላቡን አልጨረሰም፤ በተከፈተው በር የሚገባው አየር ከምድጃ የወጣ ይመስላል።

ማኅበሩን የመሠረቱት ከበለሳና ከደምቢያ ወርደው ኮኪት አካባቢ መሬት ያቀኑ አሥራ ሁለት ወንዶች ናቸው። በየወሩ ገብርኤልን በአንዳቸው ቤት ይዘክራሉ፤ ዓመቱ ሲሞላ ተራው ዞሮ ይመጣል። ደንባቸው ቀላል ነው። አባል ሲሞት ጽዋው ከቤቱ አይወጣም፣ ሚስቱ ትቀበለዋለች። እሱ ይቀመጥ የነበረው በቀኙ መደብ ነው፤ እሷ በግራው ትቀመጣለች። ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቀጥላል።

ከቀኙ የሚያጥረው የግራው መደብ ዛሬ ጢም ያለ ይመስላል። ቦታ ያጡት ሴቶች ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ተቀምጠዋል። ባለተራዋ ፈንቴ የጠላውን ማንቆርቆሪያ ይዛ ስታልፍ እግሯን የምታሳርፍበት እያጣች በአንዷ ትከሻ፣ በሌላዋ ራስ ላይ እየተደገፈች ትሻገራለች።

ቄስ ሰጠኝ ከዳቦው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ወደ በሩ አየት አደረጉና፣ «እንባርከው እንግዲህ፤ ፀሐይዋም ዘቀዘቀች» አሉ።

«ጥቂት እንታገሥ አባ። ወንዶቹ ይድረሱ» አለ ባየልኝ።

ፈንቴ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ባለችበት ቆመች። ባየልኝ ግን ነገሬ ሳይለው በሩን ያይ ነበር፤ ሁልጊዜ የሚዘገየው ቢያድግልኝ ነው። ከደጁ ሲደርስ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ «ደብራችሁኝ ሳይሆን መንገዱ ነው» እያለ ይገባል፣ ከባየልኝ ጎን ዘጭ ይላል። ባየልኝ ሳያስበው ለእሱ ጠጋ ብሎለት ነበር።

ከሴቶቹ መካከል ጥቁር የለበሰችው መሠረት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችው። የቢያድግልኝ ሚስት ናት። የዛሬው የመጀመሪያዋ ማኅበር ነው።

ያኔ ገባው። የሚመጣ ወንድ የለም።

ሞታቸውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የሁሉንም ጉድጓድ ቆፍሯል፣ የሁሉንም ሬሳ ተሸክሟል። ነገር ግን ሞቱ አንድ በአንድ ሲመጣ እያንዳንዱ የራሱ ምክንያት ነበረው። ትዕዛዙ የሞተው ትራክተር ተገልብጦበት ነው። አንዱአምላክን ሰሊጥ ሲያስር ከነዶው ውስጥ እባብ ነደፈው። ውባንተ የተነዱ ከብቶች ሊያስመልስ ወደ ሱዳን ተሻግሮ በጥይት ቀረ። አንዱን አረቄው፣ አንዱን በአረም ወቅት የያዘው ንዳድ፣ አንዱን ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ጆንያ ሲጭን ልቡ ጣለው። ቢያድግልኝ ሆዱ አብጦ ነሐሴ ላይ ሞተ። ሰው ሁሉ በየለቅሶው «ምን ነካው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ይነገረዋል፣ ይመለሳል። እባብን ከትራክተር ጋር የሚደምር ማን አለ?

ዛሬ መደቡ ደመረለት። አሥራ ሁለት ሰው ይዞ ይጨናነቅ የነበረው መደብ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነው፤ እሱ ብቻ ጥጉ ላይ አለ። ከፊት ለፊቱ ደግሞ ሚስቶቻቸው። እነሱ ተመችቷቸው አልኖሩም። ውኃውም እንጨቱም አረሙም የነሱ ነው፤ ወባውም አልማራቸውም። አንዷ በወሊድ ሞታ ቦታዋን ልጇ እፀገነት ይዛለች። የቀሩት ግን ሽበታቸውን በሻሽ አስረው፣ እየተገፋፉ፣ ይኸው ሁሉም አሉ። ባየልኝ ጀርባውን አንድ ነገር ቀዘቀዘው። በዚያ ሙቀት ጋቢውን መልሶ ለበሰ።

ቄሱ ባረኩ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ። ጥቂት እንደቆየ የሴቶቹ ወሬ ተመለሰ። መጀመሪያ የተናገረችው ውባንች ናት፤ የትዕዛዙ ሚስት፣ ምላሷን ሰው ሁሉ የሚፈራት።

«አያ ባየልኝ፣ ያን ሁሉ መደብ ብቻህን ልታርሰው ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ።

«ተከራይቼው ነው» አለ።

«ለኛም አከራየና። እግራችን እንጨት ሆነ።»

«ኑ ውጡ። ማን ከለከላችሁ?»

ማንም አልተነሳም። ውባንች ወደ ቄሱ ዞረች። «አባ፣ የወንድ መደብ ላይ ሴት ብትቀመጥ ኃጢአት አለው?»

«ኃጢአት እንኳ የለውም» አሉ ቄስ ሰጠኝ ጠላቸውን አስቀምጠው፤ «ደንብ ነው እንጂ።»

«ደንቡን ያወጡት ሁሉ ደብሩ ግቢ ተኝተዋል። ቢቆጡን እንሰማቸዋለን።»

ባየልኝም ሳቀ። ሳቁ ያን ቅዝቃዜ የሚያባርርለት መስሎት ነበር። ውባንች ቀጠለች። «እኔማ ለየሻረግ ከጎኔ ቦታ አስተርፌላታለሁ። እሷ ወለል ላይ አትቀመጥም፣ ወገቧን ያማታል። አታስብ» አለችና በአጠገቧ ያለውን መደብ በመዳፏ ጠበጠብ አደረገችው።

የሻረግ ሚስቱ ናት። ባየልኝ በቀልዱ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ግን አልመጣም። ከውባንች ጎን በእርግጥ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ ነበር። ሴቶቹ ወለል ላይ ተጣብበው፣ እፀገነት እንደዚያ እግሯን አጥፋ ጥግ ተወትፋ፣ ያን ቦታ ማንም አልነካውም። ለምን ክፍት እንደሆነም የጠየቀ የለም። ሁሉም ያውቁት ነበር ማለት ነው።

የሳቁ ድምፅ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ።

«ተይው ውባንች» አለች መሠረት ቀስ ብላ።

«ምን አልሁ? ክፉ አላልሁም» አለች ውባንች፤ ድምፅዋ ግን ቀልዱን ትቶ ነበር። «ፊቱን አታዩትም? አንገቱ ቀጥኖ ሆዱ ወጥቷል። ዐይናችን እያየ ዝም እንበል?»

ባየልኝ ጋቢውን ሆዱ ላይ ሰበሰበ። ከሰኔ ጀምሮ ማታ ማታ ያተኩሰዋል። በግራ ጎኑ፣ ከጎድኑ ሥር፣ ድንጋይ የታቀፈ ያህል ይከብደዋል። ቀበቶውን በላይ በላይ እያሰረ፣ ልብሱን እያሰፋ፣ ማንም አላየብኝም ብሎ ነበር።

«ወባ ነው። ያልፋል» አለ።

«የኔውም ወባ ነው ይል ነበር» አለች መሠረት።

ቀና ብሎ አያቸው። አንዷም የተቆጣች፣ አንዷም የምታሾፍ አልነበረችም። ሁሉም በአንድ ዓይነት ዐይን ያዩታል። ያን አስተያየት ያውቀዋል። በየለቅሶው ቤት፣ ሬሳው ከመውጣቱ በፊት፣ ሴቶች እንዲህ ያያሉ።

ጠላውን ሳይጨርስ ተነሣ።

ቤቱ ሲደርስ ደጅ ካለው የሣር ዳስ ሥር የሻረግ ተቀምጣ የተቀደደ ጆንያ በወስፌ ትሰፋ ነበር። በማግሥቱ ሰሊጡ ሊታጨድ ነው። ካሌብ የሚባለው ከጎጃም የመጣ የሠራተኞች አለቃ ሰዎቹን ሰብስቦ እርሻው ዳር ሰፍሯል።

«ምነው በጊዜ መጣህ?» አለችው።

«ቦታ አስይዘሽ ኖሯል» አለ ቆሞ።

«የምን ቦታ?»

«ከውባንች ጎን።»

ወስፌው ቆመ። የሻረግ ቀና አላለችም። ባየልኝ የጠበቀው «ይቺ ቀባጣሪ ደግሞ ምን አለችህ?» እንድትለው ነበር። እንድትቆጣ፣ እንድትስቅ።

«እኔ አልጠየቅኋትም» አለች በመጨረሻ። «ከወንዝ ስመለስ ጠርታ ነገረችኝ።»

«ምን ብላ?»

«‹ወገብሽን ያምሻል፣ ቦታ ይዤልሻለሁ› ብላ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ዝም አልሁ። ምን ልበል? እግዜር ይስጥልኝ ልበላት?»

ባየልኝ ደጅ ከተጋደመው ግንድ ላይ ተቀመጠ። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ የሻረግ ብዙ ትጠይቀው እንደነበር ትዝ አለው። ከሳጂድ እርሻ ጋር የሚያዋስነን የትኛው ቦይ ነው? ከዚያ ወዲያስ? ትራክተር የሚያርስልን ሰው ስልኩ የት አለ? አረም ሲደርስ ለሰዎቹ ቀድሞ የሚነገራቸው ምንድን ነው? እሱም ደስ ብሎት፣ አመልካች ጣቱን ቀስሮ፣ እያዞረ አሳይቷት ነበር። «የኔ ሴት ዘንድሮ ገበሬ ልትሆን ነው» ብሎ ለቢያድግልኝ አውርቶ ተሳስቀዋል።

«ወሰኑን የጠየቅሽኝ ለዚህ ነው?»

አሁን ቀና ብላ አየችው። «እናቴ ስትድረኝ ‹ሰውየው ሳይተኛ ወሰኑን ጠይቂ› ብላኛለች። ቆላ የምትዳር ልጅ ሁሉ ይህን ሳትሰማ አትሄድም። እስከ ዘንድሮ ድረስ አልጠየቅሁህም። አፌ እምቢ እያለኝ ነው።»

ባየልኝ አርባ ቀን ያልሞላው ሐዘን ላይ የተቀመጠ ሰው ይመስል እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል ከተተ። እኔ እዚህ በሕይወት ቁጭ ብዬ፣ አለ በልቡ፣ ሴቶቹ ቦታ ለቀዋል፣ ሚስቴ ወሰን ተቀብላለች። ያልተነገረው ለእኔ ብቻ ነው።

«ነገ ጤና ጣቢያ ሂድ» አለች የሻረግ።

«ነገ አጨዳ ነው። ሰሊጥ ቀኑ ካለፈ አፉን ይከፍታል፤ መሬት ይበላዋል።»

«መሬት የሚበላው ሰሊጥ ብቻ ነው?»

«አትተርቺብኝ» አለ። «ጤና ጣቢያ የገባ ወንድ ሲመለስ አይተሻል? ቢያድግልኝን በተጎታች የወሰድሁት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ነው ነፍሱ የወጣችው። አንዱአምላክም ገባ፣ አልወጣም። ያ በንዳድ የሞተውም። ቤቱ የእናቶች ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው እንኳ ጡት የምታጠባ ሴት ናት። ለወንድ አይስማማም።»

ይህን የተናገረው ከራሱ አውጥቶ አይደለም። እርሻ ላይ ወንዶቹ ሁሉ የሚሉት ነው። አረም ሲያርሙም ሲያርፉም ተባብለውታል፤ ማስረጃውም አልታጣላቸውም፣ በየዓመቱ አንድ ይጨመርበት ነበር።

የሻረግ ጆንያውን ከጭኗ አወረደች። «እኛስ?»

«እናንተማ ትሄዳላችሁ፣ ትመለሳላችሁ። ይስማማችኋል አልሁሽ እኮ።»

«እኛ በእግራችን ነው የምንሄድ» አለች። «ልጅ ሲያተኩሰው እንሄዳለን። ስናረግዝ እንሄዳለን። ለልጁ ሄደን ‹አንቺም ፊትሽ ልክ አይደለም› ይሉንና እኛንም ይመረምሩናል። እናንተ የምትሄዱ መቼ ነው? ቆሞ መሄድ ሲያቅታችሁ። በሸክም የሄደ ከየትም አይመለስም፣ ባየልኝ። ከጠበልም አይመለስም።»

ባየልኝ ሟቾቹን አንድ በአንድ ጠራቸው፣ በልቡ። ጤና ጣቢያ የሄደው ሁሉ እንዴት ሄደ? ይኸኛው በቃሬዛ። ያኛው በአህያ ጋሪ ተጋድሞ። ቢያድግልኝ ከተጎታቹ ላይ፣ የሰሊጥ ጆንያ ተነጥፎለት። በእግሩ የሄደ አንድ ሰው ፈለገ። አንድ ብቻ። አጣ። ይህን ሁሉ ዓመት ወንዶቹ በዚያ በር ሲገቡ ቆጥሯል፤ እንዴት እንደገቡ ግን አንድም ቀን አልቆጠረም።

በማግሥቱ ማለዳ እርሻው ዳር ሄዶ ካሌብን፣ «ከምሥራቅ በኩል ጀምሩ፣ የደረሰው እሱ ነው» አለው።

«አንተስ አያ ባየልኝ? ባለቤቱ ሳይቆም ሰሊጥ ይታጨዳል?»

«ይታጨዳል።»

የሻረግ ነጠላዋን አጣፍታ ከመንገዱ ትጠብቀው ነበር። ጎን ለጎን ሄዱ። መንገዱ ላይ ባየልኝ ሁለት ጊዜ ለማረፍ ቆመ፣ እሷም ሳታየው የቆመች መስላ ቆመች። ጤና ጣቢያው ሲደርሱ፣ «አንቺ ከዚህ ቅሪ» አላት። ከግቢው ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠች።

አግዳሚው ላይ ሕፃን የያዙ ሴቶች ተደርድረዋል። ባየልኝ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አንዲት ወጣት እናት ልጇን ወደ ሌላው ጭኗ አዛውራ፣ «ይቀመጡ አባቴ» ብላ ተጠጋችለት። ተቀመጠ። ማንም አልሳቀበትም። ሕፃኑ ጋቢውን ይዞ ሲጎትት እንኳ እናትየዋ «ተው» ብላ እጁን አስለቀቀችው እንጂ ቀና ብላም አላየችውም።

ተረኛዋ ነርስ እየሩስ የምትባል ልጅ ናት። ተራው ሲደርስ ከበሩ ብቅ ብላ፣ «ማንን ይዘው መጡ አባቴ?» አለችው።

«ማንንም።»

«ባለቤትዎ ናት የታመመች?»

«እኔ ነኝ።»

እየሩስ ከኋላው ተሸካሚ የምትፈልግ ይመስል ወደ ግቢው አየች። «በምን መጡ?»

«በእግሬ።»

ከበሩ ገለል ብላ፣ «ይግቡ» አለች።

አስተኝታ ሆዱን በጣቶቿ ጫን ጫን አደረገችው። ግራ ጎኑ ላይ ስትደርስ ቀስ አለች። «ሌሊት የት ነው የሚያድሩት?»

«ክረምቱን እርሻ ላይ ነን። ግራር ሥር።»

«አጎበርስ?»

«አጎበሩ ቤት ነው ያለው። እነሱ ይተኙበታል።»

«እነማን?»

«ሴቶቹና ልጆቹ። ወንድ በአጎበር ውስጥ ሆኖ ምኑን ይጠብቃል?»

አልገሠጸችውም። ጣቱን ወግታ ደም ወሰደችና «ውጭ ይጠብቁኝ» አለችው። ወደ አግዳሚው ሲመለስ ያቺ እናት ሄዳ ሌላ ተቀምጣ ነበር። እሷም ተጠጋችለት።

እየሩስ መልሳ ስትጠራው በሩን ዘጋች። «ካላዛር ነው» አለች። «ከግራሩ ሥር፣ ከተሰነጠቀው የዋልካ አፈር ውስጥ የምትወጣ ደቃቅ ዝንብ አለች። እርሻ ላይ የሚያድረውን ሰው ማታ ማታ ትነድፋለች። ስትነድፍ አይታወቅም። ቆይቶ ነው እንዲህ የሚሆን።»

«ይገድላል?»

«ካልታከሙት ይገድላል። ሆስፒታል ተኝተው መርፌ ይወስዳሉ፤ ሁለት ሳምንትም ሊያልፍ ይችላል። ይድናሉ። በጊዜ ነው የመጡት።»

በጊዜ። ባየልኝ ቃሉን ተቀብሎ የት እንደሚያስቀምጠው አላወቀም። ከዚህ ቤት ለወጣ ወንድ እንዲህ ያለ ነገር ተነግሮ ሰምቶ አያውቅም። ሊያመሰግናት አስቦ ከአፉ የወጣው ሌላ ነው።

«ነሐሴ ላይ አንድ ሰው በትራክተር መጥቶ ነበር። ሆዱ ያበጠ።»

«አስታውሳለሁ።»

«የእሱም ይኸው ነው?»

«ሳንመረምረው ነው ያረፈው አባቴ። ይኸው ነው ብዬ አልፈርድም።»

«እንደኔ በእግሩ ቢመጣ ኖሮስ?»

እየሩስ ጓንቷን አወለቀች። አወለቀችውና በእጇ ይዛ ቆየች። «በጊዜ የመጡት ብዙዎቹ ይድናሉ» አለች።

ትናንት በባዶው መደብ ላይ የደነገጠው ድንጋጤ ይህን አያክልም። ያኔ ወንዶቹ ሞተዋል ብሎ ነው የደነገጠው። አሁን ግን ቢያድግልኝ ላይሞትም ይችል ነበር። ከጎኑ ዘጭ ብሎ፣ መንገዱን እየረገመ፣ ትናንት ይቀመጥ ነበር ይሆናል። ባየልኝ ወረቀቱን ተቀብሎ ወጣ።

የሻረግ ከኒሙ ሥር ሆና ሲመጣ አይታ ተነሣች። «ምን አሉህ?»

«ሆስፒታል ተኛ አሉኝ።»

አጠገቡ ሳትደርስ ቁጭ አለች። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች፣ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያ ግቢ ለቅሶ እንዴት እንደሚጀመር ባየልኝ ያውቃል።

«ምን ሆነሻል? ይድናል ነው እኮ ያሉኝ። በጊዜ ነው የመጣኸው አሉኝ።»

ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ አልቆመም።

«ትናንት በእግሩ የሄደ ይመለሳል ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«እኔስ የት አየሁና» አለች። «እኔም በእግሩ የሄደ ወንድ አይቼ አላውቅም፣ ባየልኝ። እንድትሄድልኝ ብዬ ነው።»

ቆሞ አያት። ያን ያህል አምኖባት፣ ቃሏን ምርኩዝ አድርጎ እዚህ ድረስ መጥቷል፤ እሷ ግን ከእሱ የበለጠ የምታውቀው ነገር አልነበራትም። ጎንበስ ብሎ ክንዷን ይዞ አስነሣት።

ከአስፋልቱ ዳር ሚኒባስ ቆሟል። ረዳቱ በሩን እየደበደበ ሆስፒታሉ ያለበትን ከተማ «ገንዳ ውኃ! ገንዳ ውኃ!» እያለ ይጠራል። የምታለቅሰውን ሴት ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባቴ፣ ሬሳ ነው እንዴ? ሬሳ ከሆነ ኮንትራት ነው።»

«ሬሳው እኔ ነኝ» አለ ባየልኝ። «ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።»

ረዳቱ በሩን ሰፋ አድርጎ ከፈተ።

«ሰሊጡስ?» አለች የሻረግ አፍንጫዋን ጠርጋ።

«አፉን ይክፈት» አለና እግሩን ከመወጣጫው ላይ አሳረፈ።